የአባዬ ሰማያዊ ድንጋዮች

ለውድ ወንድሜ በኃይሉ ግርማ
ባለህበት አሶሳ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ያ ብሎኬት ባነሳህ ቁጥር የሚያስቃስትህ ቀኝ ትከሻህስ ተሻለው? ሙቀቱን ለመድከው? ውሃው ይጠጣል? አብረውህ የሚሠሩት ሰዎች ደህና ናቸው? ምሳ ማን ይሠራልሃል? የምትሠራልህ ካለች ደግሞ ስሟ ማን ነው? የመጨረሻውን የጠየቁህ እማማ ገበያነሽ ናቸው፤ እኔ የአያቴ ጸሐፊ ብቻ ነኝ። እኛ ጌታ ይመስገን፣ በጤና በኩል ምንም አልጎደለብንም። የጎደለብን መተማመን ነው። እሱንም ከፊት አጥራችን ጋር አብረው ያፈረሱት ይመስለኛል።

ለምን በስልክ አልጻፍሽልኝም እንዳትለኝ። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ለብቻህ ብጽፍልህ ደግሞ አባዬ ራት እንደበላን «ባትሪው ይረፍ» ብሎ ስልኬን ይወስደዋል። ባትሪ ለማሳረፍ መነጽር የሚደረግበት ቤት የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ፤ የአክስታችን ልጅ ቅድስት እዚያ ጤና ጣቢያ ተመድባ ስለምትመጣ በእጇ ላክሁት። ፖስታውን በማስቲሽ አሽጌዋለሁ። ተቀዶ ከደረሰህ ቅድስትን ጠርጥራት። ሳይቀደድ ከደረሰህም ጠርጥራት፤ ነርስ ናት፣ ሳታሳምም መክፈት ትችላለች።

ወሬውን ከክምሩ ልጀምርልህ። ኅዳር ላይ መንገዱ ሲሰፋ የግቢያችን ፊት ተቆርጦ የእማዬ ቁርስ ቤትና ሟቹ አያታችን የሠሯቸው የፊት ሁለት ክፍሎች እንደፈረሱ ሰምተሃል። ያልሰማኸው፣ የፈረሰው ሁሉ ሩቅ እንዳልሄደ ነው። አባዬ «ከዚህ ግቢ አንዲት ጠጠር አትወጣም» ብሎ የመሠረቱን ድንጋይ፣ የብሎኬቱን ስብርባሪ፣ ቆርቆሮውን፣ ፌሮውን፣ እንጨቱን፣ ሁለቱን የብረት በሮችና መስኮቶቹን ከአቮካዶው ሥር አስከመረ። ሮቢ አሁን ጫፉ ላይ እየወጣ «ሐይቁ ይታየኛል» ይላል። የሚታየው የጎረቤት የውሃ ታንከር ነው፤ ግን ገና ስድስት ዓመቱ ስለሆነ ደስታውን አልነጠቅኩትም።

ከዚያ አባዬ ከውጭ በር የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም አወጣ። ሰማያዊ ቀለም የሚቀባው ይሰረቅብኛል ብሎ የሚፈራውን ነገር ብቻ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ጄሪካናችን ላይ አለ፣ የአካፋው እጀታ ላይ አለ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና የተገዛው ዶሮ እግር ላይ ነበር። አሁን ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ አንድ አንድ መስመር ሲያሰምር ዋለ። ያውም ከላይ አይደለም፤ ድንጋዩን እየገለበጠ ከሆዱ በኩል ነው። «ከላይ ካደረግኩት ሌባ አይቶ ይፍቀዋል» አለኝ። «ታዲያ የእማዬን ቤት በዚህ ልንሠራው ነው?» አልኩት። «በፍርስራሽ? አብደሻል?» አለኝ። «ካልሠራንበት ቢሰረቅ ምን ቸገረን?» ስለው «እኔ ምን ላደርገው? ሌባ ግን የሚያደርገው አያጣም» ብሎ ብሩሹን ነከረ። ከዚህ በኋላ ምን ትላለህ? እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴን ግን በሽታ መስሎት ግንባሬን ነካካኝ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ትንሽ ይቁም። በፈረሰው ምትክ ጉዱማሌ አጠገብ ጥግ ላይ ቦታ ተሰጥቶናል። ጥሩ ቦታ ነው፤ ለፍቼ ጨምበላላ በዓል ወደ ጉዱማሌ የሚጎርፈው ሰው ሁሉ በደጁ ነው የሚያልፈው። ነገር ግን እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ግድግዳው ቆሞ ጣራው ካልለበሰ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፤ እኔም አንብቤዋለሁ፣ አባዬም አንብቦታል፣ እማዬ በቃሏ ይዛዋለች። እማዬ አሁንም እንደ ድሮው ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳና ሽርጧን ታስራለች። ከዚያ የምታበላው ሰው ስለሌለ ሽርጧን እንዳሰረች በር ላይ ትቆማለች። በቀደም ለአምስት ሰው ቤት የአርባ ሰው ፉል ቀቅላ ሦስት ቀን ፉል በላን። ማንም አልቀለደም፤ እኔ እንኳ አልቀለድኩም።

የአባዬ ዕቅድ ሁሉም ነገር አዲስና አንደኛ ደረጃ እንዲሆን ነው። ብሎኬቱ ከፋብሪካ፣ ድንጋዩ ከድንጋይ ካባ በቀጥታ፣ በሩ ፒያሳ ከሚገኘው ብረት ቤት በልኩ የተሠራ። የቤቱን ጥራት ከፍ ከፍ ሲያደርገው ቤቱ ራሱ ከመሬት መነሳት አቃተው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ያለን ነገር ሁለት ችካልና አንድ ሲባጎ ነው።

የጓሮዋን ክፍል የተከራየው ሳሙኤል ብቅ ያለው በዚህ መሃል ነው። ከደሴ የመጣ፣ በዩኒቨርሲቲው የሕንፃ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ሌላው ሰው ሐይቁን በሚያይበት ዓይን እሱ ክምራችንን ያያል። አንድ ቀን አባዬን በትሕትና ቀረብ ብሎ «ጋሽ ግርማ፣ የእትዬ ሂሩት ቁርስ ቤት እኮ እዚህ ተኝቷል» አለው። ድንጋዩ እንዳለ ለመሠረት ይሆናል፤ የብሎኬቱ ስብርባሪ ተፈጭቶ ከአዲስ ሲሚንቶ ጋር ተመልሶ ብሎኬት ይሆናል፤ በሮቹ ዝገታቸው ተፍቆ ቀለም ብቻ ነው የሚፈልጉት። «ፌሮውን ግን አልነካውም፤ ታጥፎ የተቃና ብረት አይታመንም፣ ለምሰሶው አዲስ ይሁን። እንጨቱንም ምስጥ በልቶታል፣ ይነድ» አለ። አባዬ በጥሞና አዳመጠው፣ አመሰገነው፣ ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ፤ ከዚያ «ይሄ ልጅ ምን ፈልጎ ነው?» አለ።

በዚህ ጥያቄ ቤቱ ሁሉ ታመመ። እማማ ገበያነሽ «ከሥሩ አንድ ነገር አይቷል፤ ያ ሰውዬ ሳይነግረኝ የቀበረው ነገር ይኖራል» ብለው ወንበራቸውን ከክምሩ አጠገብ አዛወሩ። ያ ሰውዬ የሚሉት አርባ ዓመት ያገቡትን አያታችንን ነው። አባዬ ለቆራሌው ሊሸጥብን ነው አለ። እኔም ከሰው አላንስም ብዬ ክፍሉን ልጥረግልህ ብዬው ገባሁ። ከአልጋው ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የግድግዳችን ስባሪ በላስቲክ እየታሰረ፣ ቀን እየተጻፈበት ተደርድሯል! ሮጬ ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ «መተት ነው» ብለው ሳሙኤል እስኪመለስ በሩ ላይ ቆመው በኢየሱስ ስም ሲገሥጹ ዋሉ። ልጁ መጥቶ ለመመረቂያ ጥናቱ የወሰደው ናሙና መሆኑን ሲያስረዳቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰሙት፤ ሲሄድ ግን ለእኔ «ናሙና ነው የሚሉት አሁን» አሉኝ።

ሳሙኤል ግን አልተቀየመም። የብሎኬት ፎርማ ተውሶ፣ ስብርባሪውን በመዶሻ ፈጭቶ አሥራ ስድስት ብሎኬት ሠራ። ሃያ ስምንት ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውሃ ሲያጠጣቸው እማማ «ይበቅላሉ እንዴ?» ይሉት ነበር። ቀኑ ሲሞላ አባዬ ለምርመራ ጋሽ ሳምሶንን ጠራ። ጋሽ ሳምሶን የቤተ ክርስቲያናችንን አዲስ አጥር የሚሠሩት ኮንትራክተር ናቸው፤ አባዬ ደግሞ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስለሆነ አንዱ የሌላውን አዋቂነት አይጠራጠርም። በዚህ ከተማ ሳይጠረጠር የቀረ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ምርመራውን ብታየው! ጋሽ ሳምሶን መጀመሪያ ብሎኬቱን በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ለጠፉበት፤ ሐኪም መሰሉ። ቀጥሎ አሸተቱት። ከዚያ ከወገባቸው ከፍታ ለቀቁት፤ አልተሰበረም። ከትከሻቸው ለቀቁት፤ አልተሰበረም። አባዬን አዩት፣ አባዬ ወንበር አመጣላቸው። ወንበሩ ላይ ወጥተው፣ በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አንስተው ወረወሩት፤ ለሁለት ተከፈለ። «አላልኩህም ወንድም ግርማ?» አሉ እያለከለኩ። እኔ ደግሞ ጎረቤት ሮጬ አዲስ የፋብሪካ ብሎኬት ይዤ መጣሁና «ጋሽ ሳምሶን፣ ሳይወርዱ ይቺንም ይወርውሯት» አልኳቸው። አባዬ ከእጄ ነጠቀኝና «አዲስ ዕቃ አይወረወርም!» ብሎ ተቆጣኝ። ሳሙኤል ፊቱን ወደ አቮካዶው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ሳሙኤል ሰውን ማሳመን ቢያቅተው ወረቀት ሊያሳምን ወደ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሄደ። እኔና እማዬም አብረነው ሄድን። ቢሮው ያለችው ሴትዮ ክፉ አይደለችም፤ ፈርታ ነው እንጂ። ቅጹ ላይ የግንባታ ዕቃው ዓይነት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ያገለገለ የሚል ግን የለበትም። «ፈርሜ ነገ ቢወድቅስ? ከላቦራቶሪ ውጤት አምጡ» አለችን። ላቦራቶሪው «ከቢሮው ደብዳቤ አምጡ» አለን። ቢሮው «ውጤቱ ሳይመጣ ምን ብለን እንጽፋለን?» አለን። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እንደ አባዬና እንደ ጎረቤታችን በአጥር ተከልለው ነው የሚተያዩት። በስተመጨረሻ የሳሙኤል መምህር ራሳቸው ኃላፊነት ወስደው ሦስት ብሎኬት በማሽን አስጨፈለቁልን። ውጤቱ ለግድግዳ ይበቃል አለ። ሴትዮዋም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ «እንግዲህ ቦታው በአቶ ግርማ ስም ስለሆነ እሳቸው ይፈርሙና ይጀመር» አለችን። እማዬ ከቢሮው እስክንወጣ እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር።

አንድ ፊርማ ብቻ ቀረ። አባዬ ወረቀቱን ተቀብሎ ደጅ ወጣ፣ ወደ ፀሐይ ዘረጋው፣ አንዴ በመነጽር አንዴ ያለ መነጽር አየውና «ማህተሙ ራሱ ያገለገለ ይመስላል» አለ። ከዚያ ስልክ አንስቶ የደወለው ለማን እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ «አባዬ፣ እኔ ግንበኛ ነኝ፣ በፍርስራሽ ቤት እንዳትሠራ!» አልከው። ይህችን ቃልህን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመዝሙረ ዳዊት ቀጥሎ ነው የሚጠቅሳት። እማዬ ወጥ ስታወጣ «በኃይሉ እንዳለው» ይላል። ሮቢ ጫማው ቢቀደድበት «በኃይሉ እንዳለው» ይላል።

ለምን እንዳልክ ይገባኛል። በታጠፈ ፌሮ የተሠራው በረንዳ ወድቆ የጓደኛህን የባህሩን እግር እንደሰበረው ነግረኸኛል፤ በባህሩ እግር አልቀልድም። ግን አባዬ በስልክ የነገረህ «በፍርስራሽ ሊሠሩ ነው» ብሎ ነው። ፌሮው አዲስ እንደሚሆን አልነገረህም፤ ስለ ላቦራቶሪው አልነገረህም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስሰማ ነበር። አንተም አልጠየቅክም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን አንተንም ጠርጥሬሃለሁ። ከሩቅ ሆኖ አዋቂ መባል ሳይጥምህ አልቀረም አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣልህ። የካቲት ውስጥ ጋሽ ሳምሶን ድንገት ቸር ሆኑ። ሰላምታ እንኳ ቆጥበው የሚሰጡት ሰውዬ «ወንድም ግርማ፣ ይሄ ድንጋይ ግቢህን አጠበበው፤ በራሴ መኪና ወስጄ ልድፋልህ» አሉ። አባዬም ድንጋዩ ከሄደ ክርክሩም አብሮ ይሄዳል ብሎ እሺ አለ። ረቡዕ ዕለት መኪናው መጣና ጫነ። ቆሻሻ መድፊያው ከከተማ ውጭ ነው፤ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይወስዳል። መኪናው ግን በሩብ ሰዓት ተመለሰ! ሹፌሩ ሲወጣ መላጥ የጀመረው ሸንኮራ ሲመለስ ግማሹ እንኳ አላለቀም። «ጋሽ ሳምሶን፣ መድፊያው ወደ ከተማ ገባ እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ፣ «አንቺ ልጅ በትምህርትሽ ጎበዝ ነሽ አሉ» ብለው ከኪሳቸው ከረሜላ ሰጡኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ለሞላት ልጅ ከረሜላ! ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ እርግጥ ሆነ። ከረሜላውን ግን በላሁት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኮሚቴው ለአጥሩ መሠረት የመጣውን «ከካባ የወጣ አዲስ ድንጋይ» ሊመለከት ወጣ። አባዬ በሱፍ ልብሱ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በድንጋዩ መሃል እየተዘዋወረ አንዱን በተረከዙ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ድንጋይ ማለት እንዲህ ነው! አዲስ ነገር ድምፁ ራሱ ይለያል» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «አየሽ ሶልያና፣ ያንን የቤታችንን ጉድ ከዚህ ጋር አስተያዪው» አለኝ። እኔም ላስተያይ ብዬ አንዱን ትንሽ ድንጋይ በጫማዬ ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር አለች። ሌላ ገለበጥኩ። ሰማያዊ። ቀና ስል ጋሽ ሳምሶን ያዩኛል፤ እጃቸው እንደገና ወደ ከረሜላው ኪስ ሄደ።

ወንድምዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፌ የበላኝ ቀን የለም። ግን አባዬን አየሁት። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከበውታል፤ አሁን ገና በአፉ የመሰከረለት ድንጋይ መሃል ቆሟል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ልናገር? ድንጋዮቹን መልሼ ገለበጥኳቸውና ቤት ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋው ቆመ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። ከዚያ ቀጠለች፤ ግን ሽንኩርቱ እንደዚያን ቀን ደቆ አያውቅም።

ማክሰኞ እማዬ ለግንበኞቹ ሻይና ቦምቦሊኖ እናድርስ ብላ ቴርሞሱን አባዬን አሸከመችው። እዚያ እንደደረስን «ግርማ፣ የምቀመጥበት ድንጋይ አቅርብልኝ» አለችው። አቀረበላት። «ይሄ ጀርባው ይጎረብጣል፤ ገልብጠው እስቲ።» ገለበጠው። ሰማያዊ። አባዬ «ሌላ ላምጣልሽ» አለ። ሌላ አመጣ። «ይሄም ይጎረብጣል» አለች። ገለበጠው። ሦስተኛውን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ገለበጠው፤ አራተኛውንም። ጋሽ ሳምሶን ብርጭቋቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉና፣ የምነግርህን አታምነኝም፣ «ዘንድሮ ከካባው የሚወጣው ድንጋይ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል» አሉ! እማዬ ምንም አልተቆጣችም። ሻያቸውን ሞላችላቸውና «ጋሽ ሳምሶን፣ ድንጋዩስ ጠንካራ ነው?» አለቻቸው። «በጣም እንጂ!» «አጥሩን ይሸከማል?» «ሃምሳ ዓመት!» «ትንሽ ቁርስ ቤትስ?» ጋሽ ሳምሶን ብርጭቋቸውን ከአፋቸው መለሱ። «ይጠጡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻቸው።

አባዬ ቴርሞሱን አቅፎ እስከ ቤት ከፊት ከፊታችን ሄደ። ምን ይበል? ሰውዬውን ሌባ ቢላቸው እሑድ በኮሚቴው ፊት ድንጋዩን አዲስ ነው ብሎ ያጸደቀው እሱ ነው። እማማ ፊቱን አይተው «ምነው?» አሉት። እኔ ነገርኳቸው። እማማ ሳቁ፤ ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። «አባትህስ ያንን ድንጋይ ከየት ያመጣው መሰለህ? የፈረሰ የቡና መጋዘን መሠረት ነበር። በአህያ ያስጫንኩት እኔ ነኝ» አሉት። አባዬ «አዲስ ነው ብሎኝ ነበር እኮ» አለ፣ ልክ እንደ ሮቢ። «ለሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚለው። ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሰው ያወራል። ምን ይበል ታዲያ?» አሉት። አባዬ ወጥቶ ከአቮካዶው ሥር ቆመ። ድንጋይ የነበረበት ቦታ ላይ ሣሩ ነጭ ሆኗል።

በማግስቱ የጋሽ ሳምሶን መኪና መጥቶ ማንም ሳይጠይቀው ያልተገነባውን ድንጋይ አራግፎልን ሄደ። ሹፌሩ አሁንም ሸንኮራ ይዞ ነበር። አጥሩ ውስጥ የገባውን እማዬ «ለጌታ ቤት ሰጥተናል» አለች። አባዬና ጋሽ ሳምሶን አሁን ሲገናኙ ከበፊቱ የበለጠ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆያሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚለቅ የሚጠባበቁ ይመስላሉ።

ፊርማውስ አትለኝም? አልፈረመም። «የበኃይሉን ቃል አልሽርም» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ቃልህ ሥር ተደብቋል፤ መውጫው ጠፍቶታል። መውጫው ያለው አንተ እጅ ነው። እኔ እንድትዋሽ አልጠይቅህም። የላቦራቶሪውን ውጤት ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ የሳሙኤል ስልክ ቁጥርም ከጀርባው አለ፤ እንደ ግንበኛ ጠይቀው፣ አፋጠው። ቅድስት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ለእሷ ዳቦ ቆሎ ነው ብያታለሁ፣ ክብደቱን ስትጠረጥር «በደንብ የተጋገረ ነው» አልኳት። ጋሽ ሳምሶን የሰበሩት ብሎኬት ጠርዝ ነው። በመዶሻህ ሞክረው። ወንበር ላይ እንዳትወጣ ብቻ። አይሆንም ካልክ አይሆንም በል፤ ግን ይህን ጊዜ አይተህ በል። ይሆናል ካልክ በእጅህ ጻፈው፤ በጥሩ ወረቀት ላይ ይሁን፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ማየቱ አይቀርም። እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ሃምሳ ስድስት ቀን ነው የቀረው። እማዬ ዛሬም ሽርጧን አስራ በር ላይ ቆማ ነበር።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ደረትህን ከንፋስ ጠብቅ ትልሃለች። እማማ ገበያነሽ ይመርቁሃል፤ ስሟን መጠየቄን እንዳትረሺ ብለውኛል። ሮቢ ሐይቁ ከአሶሳ ይታያል ወይ ይልሃል፤ ይታያል በለው። ሳሙኤል በዓይን ባያውቅህም ሰላም ብሎሃል፤ አንተንም ናሙና እንዳያደርግህ ተጠንቀቅ። አባዬ ሰላም ብሎሃል ልልህ አልችልም፤ መጻፌን አያውቅም። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ከአቮካዶው ሥር ጎንበስ ብሎ ነበር። ሲያየኝ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። እስኪሄድ ጠብቄ ተመልሼ አየሁ። የሳሙኤልን አሥራ ሁለት ብሎኬቶች አንድ በአንድ ገልብጦ ከሆዳቸው በኩል ሰማያዊ መስመር አስምሮባቸዋል። ለሁለት የተከፈለችዋንም ግማሽና ግማሿን አልተዋትም። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

እህትህ ሶልያና ግርማ
ሐዋሳ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.